የስኮትላንድ ራስ ገዝ መንግሥት የሩብ ምዕተ ዓመት ጉዞ፤ በትምህርት፣ በግብር እና በነጻነት ጥያቄ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በ1707 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውህደት ሳቢያ ምክር ቤቷን ያጣችው ስኮትላንድ፣ ከ292 ዓመታት በኋላ የራሷን ሕግ አውጪ አካል መልሳ አቋቁማለች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1 ቀን 1999 ሥልጣኑን በይፋ የተረከበው ይኸው ምክር ቤት ሩብ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት የተቋቋሙት ራስ ገዝ መንግሥታት ለሕዝቡ ምን አስገኙለት የሚለው ጥያቄ በኤዲንብራም ሆነ በለንደን የፖለቲካ መድረኮች አከራካሪነቱ እንደቀጠለ ነው።

ክርክሩ በዋናነት በሦስት ጉዳዮች ዙሪያ ያጠነጥናል። እነዚህም የልጆች ትምህርት፣ የግብር አጣጣል እና ከዩናይትድ ኪንግደም ተለይቶ ነጻ አገር የመሆን ጥያቄ ናቸው። ሦስቱ ጉዳዮች ተነጣጥለው የሚታዩ ቢመስሉም አንዱ ከሌላው ጋር የተሳሰረ መሆኑን የአገሪቱ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያመለክታል። ትምህርት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከግብርና ከማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ ነው፤ በሁለቱ ላይ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው የሚለው ደግሞ ወደ ነጻነት ጥያቄ ያመራል።

የሥልጣን ክፍፍሉ አመጣጥ

የስኮትላንድ ሕዝብ የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረው የወሰነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ነው። በዕለቱ ድምፅ ከሰጡት መካከል 74.3 በመቶ የሚሆኑት የምክር ቤቱን መቋቋም ሲደግፉ፣ ምክር ቤቱ በግብር ላይ የመወሰን ሥልጣን እንዲኖረው የደገፉት ግን 63.5 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ አኀዞች መካከል የታየው ልዩነት፣ ሕዝቡ ራሱን በራሱ ለማስተዳደር የነበረው ፍላጎት ለዚያው አስተዳደር ከኪሱ ለመክፈል ከነበረው ዝግጁነት የበለጠ እንደነበር ያሳያል።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው የስኮትላንድ አዋጅ የሥልጣን ክፍፍሉን የደነገገው ለለንደን የተያዙትን ጉዳዮች በዝርዝር በማስቀመጥ ነው። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ የገንዘብና የዜግነት ጉዳዮች፣ እንዲሁም የአገሪቱ አንድነት የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን ሆነው ሲቀሩ፣ በዝርዝሩ ያልተካተቱት ትምህርት፣ ጤና፣ ፍትሕና የአካባቢ አስተዳደር 129 አባላት ላሉት የስኮትላንድ ምክር ቤት ተላልፈዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ድረስ አስተዳደሩን በጥምረት የመሩት የሠራተኛ ፓርቲና ሊበራል ዴሞክራቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ምርጫ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ 47 መቀመጫዎችን በማግኘት 46 ያገኘውን የሠራተኛ ፓርቲ በአንድ መቀመጫ ብልጫ አሸንፎ፣ በአሌክስ ሳልሞንድ መሪነት አናሳ መንግሥት መሥርቷል። ከዚያ ወዲህ ኒኮላ ስተርጅን፣ ሁምዛ ዩሱፍ እና እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ኃላፊነቱን የተረከቡት ጆን ስዊኒ ከዚሁ ፓርቲ ተከታትለው በቀዳማዊ ሚኒስትርነት ተሰይመዋል። በመሆኑም የትምህርትና የግብር ክንውኑ ግምገማ በአብዛኛው የዚህ ፓርቲ ክንውን ግምገማ ሆኗል።

ትምህርት፦ ነጻው ዩኒቨርሲቲና የወረደው ውጤት

የራስ ገዝ መንግሥቱ ደጋፊዎች በቀዳሚነት የሚጠቅሱት ስኬት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለስኮትላንድ ነዋሪዎች ያለ ክፍያ መሰጠቱን ነው። በምዝገባ ወቅት ይፈጸም የነበረው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሳው በጥምር መንግሥቱ ሲሆን፣ በምትኩ ከምረቃ በኋላ ይከፈል የነበረው መዋጮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በብሔራዊ ፓርቲው መንግሥት ተሰርዟል። በአንጻሩ በእንግሊዝ የዓመታዊ ክፍያው ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 9,000 ፓውንድ ከፍ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ 9,535 ፓውንድ ደርሷል። ልጁን ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ የግላስጎው ወላጅ ራስን በራስ ማስተዳደር ያስገኘለትን ጥቅም በዚህ አንድ ንጽጽር ብቻ ሊረዳው ይችላል።

ይሁን እንጂ ፖሊሲው ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ክፍያውን መንግሥት የሚሸፍን በመሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቀበሏቸው የሚችሉት የስኮትላንድ ተማሪዎች ቁጥር በበጀት የተወሰነ ነው። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው ገንዘብም በዋጋ ንረት ሲመዘን እየቀነሰ በመምጣቱ፣ ተቋማቱ ከፍተኛ ክፍያ በሚፈጽሙ የውጭ አገር ተማሪዎች ላይ ያላቸው ጥገኝነት ጨምሯል። ከዚህም ሌላ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የማይመለስ የኑሮ ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2013 በመቀነሱ፣ ትምህርቱ በነጻ ቢሰጥም ድሃው ተማሪ ለቀለቡና ለቤት ኪራዩ የሚበደረው ገንዘብ ከፍ ብሏል።

ከዚህ የከረረው ክርክር የሚነሳው ግን በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት፣ ዕውቀትን ከማስታወስ ይልቅ ክህሎትንና የተማሪውን ሁለንተናዊ ዕድገት ማዕከል ያደረገ ነው። በሐሳብ ደረጃ ሁሉም ዋና ዋና ፓርቲዎች ደግፈውት የነበረ ሲሆን፣ የመምህራኑ ቅሬታ ግን መመሪያዎቹ የበዙና ግልጽነት የጎደላቸው ናቸው የሚል ነበር።

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የ15 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ተማሪዎች ላይ በሚያካሂደው ዓለም አቀፍ ፈተና፣ የስኮትላንድ ውጤት በሒሳብ እ.ኤ.አ. በ2003 ከነበረበት 524 ነጥብ በ2012 ወደ 498፣ በ2022 ደግሞ ወደ 471 ዝቅ ብሏል። በንባብ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመዘገበው 526 ነጥብ በ2022 ወደ 493 የወረደ ሲሆን፣ በሳይንስም በ2006 ከነበረው 515 ወደ 483 ቀንሷል። በሌሎች አገሮችም የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው ጉዳት ቢታይም፣ የስኮትላንድ የሒሳብ ውጤት መውረድ የጀመረው ከወረርሽኙ አስቀድሞ መሆኑ የሚታወቅ ነው። በዚያው በ2022 ፈተና እንግሊዝ በሒሳብ ያስመዘገበችው 492 ነጥብ ነው።

ወይዘሮ ስተርጅን እ.ኤ.አ. በ2015 የድሃና የሀብታም ልጆችን የትምህርት ውጤት ልዩነት ማጥበብ የመንግሥታቸው ቀዳሚ ተግባር እንደሚሆንና ሕዝቡም በዚሁ እንዲመዝናቸው ገልጸው ነበር። ለዚሁ ዓላማ በተመሳሳይ ዓመት የአራት ዓመት የ100 ሚሊዮን ፓውንድ መርሐ ግብር የተዘረጋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 አንስቶ ደግሞ ለትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን በቀጥታ የሚደርስ ገንዘብ መመደብ ተጀምሯል። ርዕሳነ መምህራኑ የላቀ የመወሰን ሥልጣን እንዲኖራቸው ታስቦ የነበረው የትምህርት ረቂቅ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ለምክር ቤቱ ሳይቀርብ እንዲቆይ ተደርጓል። ልዩነቱ በአንዳንድ መለኪያዎች መጥበብ ቢያሳይም፣ ይዘጋል የተባለው ክፍተት አልተዘጋም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ሳይሰጥ በቀረበት ወቅት የተከሰተውም ሁኔታ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። የፈተናዎች ባለሥልጣኑ መምህራን የሰጡትን ግምት በትምህርት ቤቶቹ የቀድሞ ውጤት መሠረት በማስተካከሉ ከ124,000 በላይ የሚሆኑ ውጤቶች ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ይበልጥ የተጎዱት በድሃ አካባቢዎች የሚኖሩ ተማሪዎች መሆናቸው ሲታወቅ ከፍተኛ ተቃውሞ በመነሳቱ፣ በወቅቱ የትምህርት ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ስዊኒ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ውሳኔውን ሽረው የመምህራኑ ግምት እንዲጸና አድርገዋል። ባለሥልጣኑን በሌላ ተቋም የሚተካው ሕግ በምክር ቤቱ የጸደቀው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

የመንግሥቱ ደጋፊዎች በበኩላቸው ግምገማው በፈተና ነጥብ ብቻ መወሰን እንደማይገባው ይከራከራሉ። ለሦስትና ለአራት ዓመት ሕጻናት በዓመት 1,140 ሰዓት ነጻ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ መሰጠቱን፣ ከዝቅተኛ ገቢ አካባቢዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወጣቶች ድርሻ ማደጉን፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቶችን በቀጥታ የሚያስተዳድሩት 32ቱ የአካባቢ ምክር ቤቶች መሆናቸውን ያነሳሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሁለት ሌሎች ዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች መውጣቷን በማስታወስ፣ መንግሥት መስተዋቱን ከሰበረ በኋላ መልኩ አልከፋም ሊል አይችልም ይላሉ። መንግሥቱ ወደ እነዚሁ ምዘናዎች ለመመለስ መወሰኑን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ግብር፦ ያልተነካው ሥልጣንና ስድስቱ እርከኖች

በግብር ረገድ የስኮትላንድ ታሪክ በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ምክር ቤቱ መሠረታዊውን የገቢ ግብር ምጣኔ ከአንድ ፓውንድ ላይ እስከ ሦስት ሳንቲም ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ ሥልጣን ነበረው። ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው ይህ ሥልጣን አንድ ጊዜም ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። ሥልጣኑን ለመጠቀም የሚያስፈልገው የአሠራር ሥርዓት እንክብካቤ ባለማግኘቱ አገልግሎት መስጠት ማቆሙም እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሆኗል።

በዚያ ወቅት ወጪው በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይሸፈን የነበረው ከለንደን በሚላክ ጥቅል ድጎማ ነው። ድጎማው የሚሰላው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተዘረጋውና የወቅቱ ሹም በነበሩት በጆኤል ባርኔት ስም በሚጠራው ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት በእንግሊዝ ለትምህርት ወይም ለጤና የሚመደበው በጀት ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ የስኮትላንድ ድርሻ በሕዝብ ብዛቷ ልክ አብሮ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ኤዲንብራ ገንዘቡን እንደፈቀደች የማውጣት ነጻነት ቢኖራትም፣ የገንዘቡ መጠን የሚወሰነው ለእንግሊዝ ሕዝብ ታስቦ በሚወጣ በጀት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2016 በወጡት አዋጆች ነው። በእነዚህ አዋጆች መሠረት የመሬትና የሕንጻ ግብይት ግብር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤዲንብራ የተዛወረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2017 አንስቶ ደግሞ ምክር ቤቱ ከደመወዝና ከመሰል ገቢዎች ላይ የሚሰበሰበውን ግብር ምጣኔና እርከን የመወሰን ሥልጣን ተረክቧል። እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት የነበሩት እርከኖች በኤፕሪል 2024 ስድስት የደረሱ ሲሆን፣ ከፍተኛው ምጣኔም 48 በመቶ ሆኗል።

የለውጡ ውጤት በሥራተኛው ኪስ ላይ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2024/25 የበጀት ዓመት በዓመት 20,000 ፓውንድ የሚያገኝ የስኮትላንድ ነዋሪ በእንግሊዝ ከሚኖር አቻው 23 ፓውንድ ያነሰ ግብር ይከፍል ነበር። 50,000 ፓውንድ የሚያገኘው 1,542 ፓውንድ፣ 100,000 ፓውንድ የሚያገኘው ደግሞ ከ3,300 ፓውንድ በላይ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። መንግሥቱ ይህን የአቅምን ያህል የመክፈል ፍትሐዊ መርሕ መገለጫ አድርጎ ያቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በሳምንት በ10 ፓውንድ ተጀምሮ በኖቬምበር 2022 ወደ 25 ፓውንድ ያደገው የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ድጎማ፣ ግብሩ ለምን ዓላማ እንደሚውል ማሳያ ሆኖ ይጠቀሳል።

ተቺዎች ግን ሁለት መከራከሪያዎችን ያቀርባሉ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የ42 በመቶ ምጣኔ የሚጀምረው ከ43,662 ፓውንድ በላይ በመሆኑ፣ ጫናው ከባለጸጎች አልፎ ልምድ ባላቸው መምህራንና ነርሶች ላይ ያርፋል የሚል ነው። ሁለተኛው የአሠራሩን ውስብስብነት የሚመለከት ነው። የገቢ ግብሩ ወደ ኤዲንብራ ሲዛወር ለንደን ከድጎማው ላይ ተመጣጣኝ ተቀናሽ ታደርጋለች። ተቀናሹ የሚያድገው ደግሞ በቀሪው የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል የነፍስ ወከፍ የግብር ገቢ በሚያድግበት ፍጥነት ነው። ስለሆነም የስኮትላንድ ሠራተኞች ደመወዝ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል በዝግታ ካደገ፣ ከፍ ካለው ምጣኔ የተገኘው ተጨማሪ ገንዘብ ከፊሉ በተቀናሹ ይበላል። ዜጎች የበለጠ ከፍለው በጀቱ በዚያው ልክ ሳይጨምር የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ራስ ገዝ መንግሥቱ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ሳለ ያላሻሻለው የግብር ዓይነትም አለ። በመኖሪያ ቤቶች ላይ የሚጣለው የአካባቢ ግብር እስካሁን የሚሰላው እ.ኤ.አ. በ1991 በነበረው የቤት ግምት ነው። ብሔራዊ ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ግብር በአካባቢ የገቢ ግብር ለመተካት ቃል ገብቶ የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዕቅዱን ትቶታል። በምትኩ ግብሩ ለዘጠኝ ዓመታት እንዳይጨምር በመደረጉ ባለቤቶች እፎይታ ያገኙ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድሩት የአካባቢ ምክር ቤቶች ግን የራሳቸውን ገቢ የማሳደግ አቅማቸው ተገድቦ ቆይቷል። በዚህ ረገድ ኤዲንብራ ለንደንን የምትከስበትን ሥልጣንን ጠቅልሎ የመያዝ ዝንባሌ በራሷ የበታች አካላት ላይ ፈጽማዋለች የሚለው ትችት መሠረት የሌለው አይደለም።

የነጻነት ጥያቄ፦ የተዘጋው በርና ያልተቋጨው ክርክር

ብሔራዊ ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2011 ምርጫ 69 መቀመጫዎችን በማግኘት አብላጫ ድምፅ መያዙ ለነጻነት ሕዝበ ውሳኔ መንገድ ከፍቷል። የወቅቱ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንና ሚስተር ሳልሞንድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 15 ቀን 2012 በኤዲንብራ በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት፣ ሕዝበ ውሳኔው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 18 ቀን 2014 በሰላም ተከናውኗል። ዕድሜያቸው 16 እና 17 የሆኑ ወጣቶችም በተሳተፉበት በዚሁ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮቹ 84.6 በመቶ የሚሆኑት ድምፅ የሰጡ ሲሆን፣ 2,001,926 ሰዎች ወይም 55.3 በመቶ የሚሆኑት ነጻነትን ሲቃወሙ፣ 1,617,989 ሰዎች ወይም 44.7 በመቶ የሚሆኑት ደግፈዋል።

ከውጤቱ በስተጀርባ የነበረው ዋነኛ ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ስጋት ነው። ነጻዋ ስኮትላንድ በየትኛው ገንዘብ ትገበያያለች ለሚለው ጥያቄ የቀረበው መልስ ፓውንድን በጋራ መጠቀም የሚል ሲሆን፣ ለንደን ይህን ሐሳብ አስቀድማ ውድቅ አድርጋዋለች። የነጻነቱ ዕቅድ አንድ በርሜል ነዳጅ 110 ዶላር አካባቢ እንደሚሸጥ ታሳቢ ያደረገ ነበር። ይኸው ዋጋ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ከ30 ዶላር በታች ወርዷል። የስኮትላንድ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ባወጣው የሒሳብ መግለጫ፣ የ2023/24 የገቢና የወጪ ጉድለት 22.7 ቢሊዮን ፓውንድ ወይም ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 10.4 በመቶ መሆኑ ተመልክቷል። የነጻነት ደጋፊዎች አኀዙ ስኮትላንድ በአሁኑ ሥርዓት ውስጥ ያለችበትን ሁኔታ እንጂ ነጻ ብትሆን የምትከተለውን ፖሊሲ እንደማያሳይ ይገልጻሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ጉድለቱን በግብር ጭማሪ ወይም በወጪ ቅነሳ መሸፈን እንደማይቀር፣ ቅነሳው ደግሞ ትምህርትን ጭምር እንደሚነካ ያስገነዝባሉ።

ጉዳዩ በሕዝበ ውሳኔው እልባት ያገኘ ቢመስልም፣ ዩናይትድ ኪንግደም እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት መወሰኗ ክርክሩን እንደገና ቀስቅሶታል። በስኮትላንድ 62 በመቶ የሚሆኑት መራጮች በኅብረቱ መቆየትን መርጠው ሳለ፣ በእንግሊዝ ድምፅ ብልጫ ከኅብረቱ መውጣታቸው የነጻነት ደጋፊዎችን መከራከሪያ አጠናክሯል። ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ለማካሄድ ተደጋግሞ የቀረበው ጥያቄ ግን ከተከታታይ የለንደን መንግሥታት ፈቃድ አላገኘም። የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 23 ቀን 2022 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ የስኮትላንድ ምክር ቤት ያለ ማዕከላዊው መንግሥት ስምምነት ሕዝበ ውሳኔ የሚያካሂድበት ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንደሌለው አስታውቋል።

ፓርቲው ከዚህ በኋላ የምርጫ ድጋፉ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዌስትሚኒስትር ምርጫ 48 መቀመጫዎች የነበሩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው በወቅቱ በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች የነጻነት ሐሳብ ድጋፍ በዚያው መጠን አለመውረዱ ነው። መራጩ ነጻነትን ያልመውን ፓርቲ በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉና በግብሩ መዝኖ መቅጣቱን፣ ሕልሙን ግን አለመተዉን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለፌዴራል ሥርዓቶች የሚሰጠው ትምህርት

የስኮትላንድ ተሞክሮ ኢትዮጵያን ለመሳሰሉ ፌዴራላዊ አገሮችም ትኩረት የሚስብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሕጋዊ ልዩነት ሰፊ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል የሚደርሰውን መብትና የአፈጻጸሙን ሥነ ሥርዓት በግልጽ ሲደነግግ፣ በብሪታኒያ ጉዳዩ የሚወሰነው በለንደን ፖለቲካዊ ፈቃድ ነው። የድጎማ ቀመር በኢትዮጵያ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወሰን ሕገ መንግሥቱ ሲያዝ፣ የባርኔት ቀመር ግን በሕግ ያልተደነገገ የግምጃ ቤቱ አሠራር ነው።

ጥያቄው ግን አንድ ነው። ወጪውን የሚወስነውና ገቢውን የሚሰበስበው አካል የተለያዩ ሲሆኑ ለጥፋቱ ተጠያቂው ማን ነው? ኤዲንብራ የበጀት እጥረትን በለንደን፣ ለንደን ደግሞ የአገልግሎት ድክመትን በኤዲንብራ ላይ ስታላክክ፣ ሒሳብ ማስላት ያልቻለው የ15 ዓመት ተማሪ በመካከል ይቀራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በተላለፈ ሥልጣን ሊሠራ የሚችለው ሁሉ ሳይሠራ ገና ወዳልተገኘው ሥልጣን ማማተር ለዓመታት የስኮትላንድ ፖለቲካ መለያ ሆኖ መቆየቱን ተቺዎች ይናገራሉ። በሌላ በኩል ግማሽ ሥልጣን ለተሰጠው መንግሥት ሙሉ ተጠያቂነት መጠየቅም ፍትሐዊ እንዳልሆነ የሚከራከሩት ወገኖች ሐሳብ ክብደት ያለው ነው።

ከሩብ ምዕተ ዓመቱ ጉዞ አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። ምክር ቤቱ እንዲፈርስ የሚጠይቀው ድምፅ አናሳ ሆኖ መቅረቱ፣ 5.5 ሚሊዮን የሚሆነው የስኮትላንድ ሕዝብ በቅርቡ ያለ መንግሥት እንዲመራው መፈለጉን ያረጋግጣል። መንግሥትን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ግን በራሱ ጥሩ አስተዳደር አያስገኝም። ሕዝቡ ሥራውን በቅርበት አይቶ እንዲፈርድበት ያስችላል እንጂ። የነጻነት ጥያቄ ወደፊት የሚያገኘው መልስ በፍርድ ቤትና በድርድር ጠረጴዛ ላይ ከሚባለው ይልቅ፣ በእጅ ባለው ሥልጣን በመማሪያ ክፍል ውስጥ በሚመዘገበው ውጤትና ግብር ከፋዩ ለከፈለው በሚያገኘው አገልግሎት ላይ የተመሠረተ እንደሚሆን ያለፉት ዓመታት ክንውን ያመለክታል።